አቡዬ፣ እንባዬን አስመልስልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ከሰማኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ተሰምቻለሁ። ስለዚህ ልናገር።

እማዬ አዲስ አበባ ያረፈችው መጋቢት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ነበር። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለቅሶ ደራሹ ቤቴን ሞልቶታል። አንዲት እናት አጠገቤ ቁጭ ብለው ጀርባዬን እያሻሹ «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። እጮሃለሁ፣ ደረቴን እመታለሁ፤ ከዓይኔ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ፍም ያስገቡበት ይመስል ያቃጥለኛል እንጂ አያለቅስም። ማታ ኩሽና ውስጥ አንዷ ለሌላዋ «እንዴት ያለች ደረቅ ናት» ስትል ሰማሁ። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር እናቱን የማያለቅስ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ዓይኔ ከታመመ ግን ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ ከዓይኔ ጋር ይጣበቃል። በጣቴ ቀስ አድርጌ ካልከፈትኩት የሚላጥ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። አንድ ማታ ወደ ሥራ ስነዳ የመኪኖቹ መብራት ሁሉ ተበትኖ መንገዱ ጠፋኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና መሪው ላይ ተደፋሁ።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «አለርጂ ነው» ብሎ መለሰኝ። እኔም ከፋርማሲ የምገዛውን ጠብታ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ እጨምር ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚገባበት ማቆያ ኬሚካል እንዲህ ሲደጋገም የደረቀ ዓይንን ይበልጥ ይጎዳል። መድኃኒት ብዬ የምጨምረው ራሱ ያቆስለኝ ነበር ማለት ነው።

እማዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ የአቡዬ ሥዕል ነበረ። አንበሶቹና ነብሮቹ ከብበዋቸው ጻድቁ ቆመዋል። አንዲት ወፍ ደግሞ ውኃ ጠምቷት ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ልጅ ሆኜ ከሥዕሉ ሁሉ የማየው ወፊቱን ነበር። ለቅሶው በተበተነበት ሌሊት ያች ወፍ ትዝ አለችኝ። መብራት አጥፍቼ ተንበረከክሁ። «አቡዬ፣ ለወፍ እንኳ እንባህን ሰጥተሃል። እኔ ለእናቴ የማፈሰው አጣሁ። ከአምላክህ ለምነህ እንባዬን አስመልስልኝ» አልኩ።

መልሱ የጀመረው በሰባተኛው ቀን ነው። ጀርባዬን ያሻሹኝ እናት ልጃቸውን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ልጅቷ ዓይን ክሊኒክ ነው የምትሠራው። ዳቦውን በቆረስኩ ቁጥር ውኃ ስጎነጭ አይታ ኖሮ፣ «እትዬ፣ አፍሽም ይደርቃል እንዴ?» አለችኝ። ይህንን ጥያቄ በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በዚያው ሳምንት የስፔሻሊስት ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ቀኑ ደርሶ የገባሁት ሰኔ ላይ ነው።

ሐኪሟ ቀጭን ወረቀት አጥፋ ታችኛው የዓይኔ ቆብ ውስጥ ሰካች። አምስት ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። እንባው ወረቀቱን ምን ያህል እንዳራሰው ነው የሚለካው። ደህና ዓይን ከ10 ሚሊሜትር በላይ ያርሳል። የእኔ ቀኙ 2፣ ግራው 1 ነበር። ከዚያ ቀለም ጨምራ በሰማያዊ መብራት አየችኝ። ኮርኒያ የሚሉት የዓይኔ የፊተኛው ክፍል ቆሳስሎ፣ ላዩ ላይ ክር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል። ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር የሚጎትተኝ ያ ክር ነበር። አንድ በአንድ ለቀመችልኝ።

የደም ምርመራው ሲመጣ ሾግረን የሚባል በሽታ እንደሆነ ተነገረኝ። ስሙ የወጣው በ1933 እ.ኤ.አ. ስለበሽታው በጻፉት በስዊድናዊው የዓይን ሐኪም በሄንሪክ ሾግረን ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች ያጠቃል። ከሚያዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እህቶቼ፣ ዓይናችሁም አፋችሁም አብረው ከደረቁ፣ ጥርሳችሁም ቶሎ ቶሎ ከተበላሸ፣ መገጣጠሚያችሁም ካመማችሁ ዝም አትበሉ፤ ለሐኪማችሁ ሁሉንም በአንድ ላይ ንገሩ። እኔ አፌን ለጥርስ ሐኪም፣ ዓይኔን ለዓይን ሐኪም እየከፋፈልኩ ስናገር ነው የቆየሁት።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሕክምናውን ትቼ ጸበል ብቻ ልጠቀም እንደሆነ ጠየቅሁ። «ጸበሉን ጠጪ፣ ከራስሽም አድርጊ፤ የቆሰለውን ዓይንሽን ሐኪሟ እንዳዘዘችሽ ያዢ። እሷንም ያመጣልሽ እሱ ነው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ማቆያ የሌለበት ጠብታ ተሰጠኝ። ሳይክሎስፖሪን የሚባል ጠብታም ተጨመረ። ይህኛው ሲገባ ያቃጥላል፣ ለውጡም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ከጤፍ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ የሲሊኮን ውታፍ ደግሞ የእንባ መውረጃ ቀዳዳዎቼን ደፈኑልኝ። ያለችኝ ጥቂት እንባ እንኳ እንዳትፈስብኝ ነው።

አልበቃም። ጥቅምት ላይ ሐኪሟ «ከራስሽ ደም ጠብታ እንሥራልሽ» አለችኝ። ከክንዴ ደም ተቀዳ። ደሙ ከረጋ በኋላ በማሽን ተሽከርክሮ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ብቻ ይወሰዳል። ሴረም ይሉታል። በተፈጥሮ እንባ ውስጥ እንዳሉት ያሉ ቁስል የሚያሽሩ ነገሮች አሉበት። የእኔ ሳላይን በሚሉት ከጀርም የጸዳ የጨው ውኃ ተበርዞ 20 በመቶ ሆኖ ነው የተሠራው። ኢንሹራንሴ አልከፍልም አለ። ዕቁቤ የወጣልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ተራው የሌላ ሰው ነው ብዬ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ትንንሾቹን ጠርሙሶች ፍሪዘር ውስጥ ከበርበሬው ጎን ደረደርኳቸው። የሳምንቱን አንዷን አውርጄ ከታች ማቀዝቀዣው ውስጥ አኖራለሁ። የመጀመሪያዋን ዕለት ጠርሙሷን በመዳፌ ይዤ ብዙ ቆየሁ። እንባ ለምኜ ነበር፤ ከደሜ ቀድቶ ሰጠኝ።

ጥር ላይ ሌንሱ መጣ። ስክሌራል ሌንስ ይባላል። ጠንካራና ሰፊ ነው፤ የሚያርፈው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ነው፣ የቆሰለውን አይነካም። ከመግባቱ በፊት ውስጡ እንደ ጽዋ ማቆያ በሌለበት ሳላይን ይሞላል። አንገቴን ደፍቼ፣ ሳይፈስና አየር ሳይገባበት ለማስገባት ሁለት ሳምንት ታግያለሁ። የቧንቧ ውኃ ፈጽሞ አይነካውም፣ ሲተኙ ይወልቃል። ሲገባ ግን ዓይኔ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው። ከክሊኒኩ ስወጣ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ጠጠር አየሁ።

መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አቡዬ ነበር፤ እማዬ ዓመት ከሞላት በማግስቱ። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሌንሱን አውልቄ ትንሽ ተኛሁ። ሁዳዴ ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ዓይኔን ለማሳረፍ ብዬ ያለ ሌንስ ሄድኩ። ካህኑ ስለ ሙታን ሲጸልዩ የእማዬን ክርስትና ስም በልቤ ጠራሁ። የሆነ ነገር ጉንጬ ላይ ሞቀኝ። ሳላይኑ ፈሰሰ ብዬ ደነገጥኩ። ሌንሱ ግን ቤት ነው። ነጠላዬን አስነክቼ አየሁት። ጥለቱ ርሷል።

በሽታው ከውስጤ አልወጣም። ጠብታውም ሌንሱም አልቀረልኝም። በኋላ በወረቀቷ ስለካ ቀኙ 6፣ ግራው 4 ሆኗል።

ያን ዕለት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሜ ታላቅ እህቴ ዘንድ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። በቪዲዮ ፊቴን አስጠግቼ «እትዬ፣ እይኝ፣ እይኝማ» አልኳት። ምን እንደሆንኩ ሳይገባት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «እንባ ነው እንዴ?» አለች። ከኋላዋ የእማዬ ሥዕል ይታያል፣ ወፊቱም አለች። እናታችንን በዓመቷ አብረን አለቀስናት።