ቀስቱ ወደ ላይ

ዴንቨር የገባሁት በክረምት ነው። መጀመሪያ መጋዘን ነበር የምሠራው። እዚህ ኮሎራዶ ግንቦት ሲመጣ የጎልፍ ኳስ የሚያህል በረዶ ይወርዳል። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ግንቦት አንድ ቀን የወረደው ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት አድርሷል። በረዶው ሲያባራ የጣሪያ ሥራ ይጦፋል። እኔም ደህና ይከፍላል ሲሉኝ ገባሁበት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስለ ደህንነት ሥልጠና ተሰጠን። ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በስፓኒሽ። ያኔ ሁለቱንም አልሰማም። «ገባህ?» ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው። ፈረምኩም።

ሃርነስ ትከሻና ጭን ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ከጣሪያው አናት በሚወርደው ረጅም ገመድ ላይ የሚንሸራተት ብረት አለ፣ ሮፕ ግራብ ይሉታል። ሃርነስህ ከሱ ጋር ይያያዛል። ስትንቀሳቀስ አብሮህ ይሄዳል፤ ድንገት ስትወድቅ ገመዱን ነክሶ ያስቀርሃል። ብረቱ ላይ ቀስት ተስሏል። ቀስቱን አይቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን አሮጌ ሺንግል፣ ማለትም የጣሪያውን ልባስ፣ እያነሳን ነበር። ከሱ የሚረግፈው ደቃቅ ጠጠር እንደ አሸዋ ያንሸራትታል። ቀኝ እግሬ ከዳኝ። በሆዴ ቁልቁል ሄድኩ። አሁን ይይዘኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልያዘኝም። ብረቱ አብሮኝ ወረደ። ያተረፈኝ ጠርዙ አካባቢ በሚስማር የተመታ አንድ ጣውላ ነው። እግሬ እሱ ላይ አረፈ።

አብሮን የሚሠራ በዕድሜ የሚበልጠኝ አበሻ ነበር፤ ጋሼ ነው የምለው። ደርሶ ክንዴን ያዘና ብረቱን አየው።

«አንተ ልጅ፣ ገልብጠህ ነው እኮ የገጠምከው! ቀስቱ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ገመዱ ወደታሰረበት!»

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ሁሉንም በአማርኛ አስረዳኝ። ከ6 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ80 ገደማ ጀምሮ፣ አሠሪው ሠራተኛው እንዳይወድቅ መከላከያ የማድረግ ግዴታ አለበት። ገመዱ የሚታሰርበት አንከር ለአንድ ሰው 5,000 ፓውንድ መሸከም አለበት፤ ያገኙት ቱቦ ላይ ማሰር አይሆንም። አንዴ የወደቀ ሰው የያዘ ሃርነስ ከአገልግሎት ይወጣል። መሰላሉ ከጣሪያው ጠርዝ 3 ጫማ ከፍ ማለት አለበት። ሃርነሱን የሚገዛው ደግሞ አሠሪው ነው፣ ከደሞዝህ አይቆረጥም።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የኦሻ፣ ማለትም የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ሕግ ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ ይላል። ያን ጠዋት «አልገባኝም» ማለት መብቴ ነበር ማለት ነው። አደጋ ጠቆምክ ብለው ቢያባርሩህም በ30 ቀን ውስጥ ለኦሻ ማመልከት ትችላለህ። ይህን ማን ነገረን?

ባለፈው ሳምንት ሁለት አዲስ ልጆች መጡ። አንደኛው አገሩ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። ጣሪያ ከመውጣታችን በፊት ብረቱን እጁ ላይ አድርጌ ቀስቱን በጣቱ አስነካሁት። ራሱ ገጠመው። ገመዱን ቁልቁል በኃይል ሲስበው ቀጭ ብሎ ያዘ። «በቃ፣ አሁን ውጣ» አልኩት።