ዞረ ማለት ተፈታ ማለት አይደለም

ሰሞኑን የያዝኩት ስራ የአሮጌው ፒክአፕ ሰስፔንሽን (የመኪናውን እግሮች ይዞ ንዝረት የሚያበርደው ክፍል) ነው። ከኋላ የባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) ቦኮላዎች፣ መገጣጠሚያው ላይ ያሉት የጎማ ትራሶች ማለት ነው፣ አልቀዋል፣ ከፊት ደግሞ የታችኛው አርም (የፊት እግሩን የሚይዘው ክንድ) ቦኮላ ጎማው ተሰነጣጥቆ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ኳ ኳ ይላል። አዲሶቹ ተገዝተው ቁጭ ብለዋል፣ እነሱን ማስገባት ያን ያህል አያስቸግርም፣ ሰው ሚገድለው አሮጌውን ብሎን ማውጣት ነው። ስንት ዘመን ጭቃና ውሃ ሲጠጣ የኖረ ብሎን ከያዘው ብረት ጋር አንድ ስጋ ሆኗል በቃ።

ትናንት ማታ ታናሽ ወንድሜ ሊያግዘኝ መጣና የቀኙን የኋላ ባሌስትራ ጀመርን። ዳዶው ብዙ ሳያስቸግር ወጣ። ከዛ የብሎኑን ጭንቅላት በቡሶላ (ጭንቅላቱ ላይ በሚጠልቅ የቁልፍ ራስ) ይዞ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ ሲጎትተው ሩብ ዙር ያህል ሄደለት። «ዞረ! ዞረ!» አለ ደስ ብሎት። «ቆይ እስቲ፣ ቀስ ብለህ ልቀቀው» አልኩት። ሲለቀው ቁልፉ ማንም ሳይነካው ወደነበረበት ተመለሰ። ያኔ መብራቱን ቦኮላው ጋ አስጠጋሁለትና ድገመው አልኩት፣ ሲጎትት የቦኮላው ጎማ ይጠመዘዛል ሲለቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ብሎኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ይቺን ነገር ሰው እንዲያውቃት በጣም እፈልጋለሁ። ቦኮላ ማለት ጎማ ብቻ አይደለም፣ መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አለው፣ ብሎኑ በሱ ውስጥ ነው ሚያልፈው፣ ዳዶው ሲጠብቅ የሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ጆሮዎች፣ ቦኮላው መሃላቸው የሚገባባቸው መያዣዎች፣ ቱቦውን ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይይዙትና ከዛ በኋላ ሚተጣጠፈው ጎማው ነው። በብሎኑና በቱቦው መሃል ያለችው ክፍተት በጣም ጠባብ ናት ግን ውሃ ይገባባታል። ብረት ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ መሄጃ ስለሌለው ብሎኑን እና ቱቦውን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። እና እዛ ላይ ጉልበት ብትጨምር ወይ ጎማውን ትቀደዋለህ ወይ የብሎኑ ጭንቅላት ተበጥሶ እጅህ ላይ ይቀራል፣ ቱቦ ውስጥ ያለውን ግን አታላቅቀውም።

ዘይት? ዘይት ጥሩ ነው፣ ጥርሱ ውጪ ለሚታይ ብሎንና ዳዶ። መጀመሪያ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ዝገት ማስለቀቂያውን ረጭቶ ማሳደር፣ በማግስቱ ደግሞ መርጨት፣ ከዛ ዝም ብሎ ወደ መፍቻው ብቻ ከመታገል ትንሽ ማጥበቅ ትንሽ መፍታት እያሉ ማመላለስ፣ ቡሶላውም ባለ ስድስት ጎን ይሁን ምክንያቱም ባለ አስራ ሁለቱ የዛገ ጭንቅላት ላይ ጠርዙን ያሟልጨዋል። ቱቦ ውስጥ ግን ዘይቱ ከአፉ ብዙም አያልፍም። መዶሻም የሚሞክር ካለ ዳዶውን ከብሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሶ ያስገባውና እሱን ይምታ፣ ጥርሱ እንዳይጨፈለቅ።

እሳት ግን ቦኮላ አጠገብ አልወድም። ዳዶ ብቻውን በደንብ ሲግል ሰፍቶ ይለቃል እውነት ነው፣ እዚህ ግን ጎማው ይያያዛል፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ የፍሬን ቱቦና የነዳጅ ታንክ ሩቅ አይደሉም፣ ያ ሁሉ የረጨኸው ዘይት ራሱ እሳት ነው።

ስለዚህ ቆረጥነው። አንዳንድ ሰው መቁረጥን እንደ መሸነፍ ያየዋል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። ብሎኑ ይተካል፣ ቦኮላው ድሮም ሊጣል ነው፣ ጆሮው ግን ሻንሲው ላይ የተበየደ ነው፣ እሱ ከተጣመመ ወይ ከተሰነጠቀ ስራው ሌላ ስራ ይሆናል። መትረፍ ያለበት እሱ ነው። ሻንሲውን ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) ላይ አሳርፈን አክስሉን በክሪክ ደግፈን፣ ባሌስትራው ከጭነት ነጻ መሆኑን ካየን በኋላ (ተወጥሮ እያለ ብሎኑ ሲበጠስ ዘሎ እጅ ይሰብራል) የኤሌክትሪክ መጋዙን ቀጭን ምላጭ በጆሮውና በቦኮላው ጫፍ መሃል አስገብተን በሁለቱም በኩል ቆረጥነው። መነጽር አድርገን ነው እሱንም ልንገራችሁ። የመሃሉ ቁራጭ ከነቦኮላው ወደቀ፣ አንስቼ ሳየው ብሎኑ የቱ ጋ አልቆ ቱቦው የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አይቻልም፣ መሃላቸው አንድ ቡናማ ቀለበት ብቻ ነው ያለው።

የፊቱ ትንሽ ይለያል። እዛ ያለው ብሎን ቀዳዳው መሃሉን የሳተ ሮንዴላ (ብሎን ላይ የሚገባ ክብ ብረት) አለው፣ መሬት የሚረግጠውን የፊት ጎማ አቋም ሚያስተካክለው እሱ ስለሆነ ከመነካቱ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፣ እንዲያም ሆኖ ሲያልቅ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) መታየቱ አይቀርም።

አዲሱ ብሎን የድሮው ጥንካሬ ሊኖረው ይገባል፣ የወጣው ጭንቅላቱ ላይ 10.9 ስለሚል (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ከሱ የደከመውን 8.8 አላስገባበትም። ቱቦ ውስጥ የሚቀመጠውን ለስላሳውን ክፍል ዙሪያውን ጸረ ዝገት ቅባት ቀባሁት፣ ጥርሱን ግን ተውኩት፣ ጥርስ ሲቀባ በዛው የማጥበቂያ ልክ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል። መጨረሻ ማጥበቁ ደግሞ መኪናው በጎማው መሬት ከቆመ በኋላ ነው፣ ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቅከው ሲወርድ የቦኮላው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ አዲሱ ቦኮላ ቶሎ ያልቃል። ይሄንን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ።

የግራው ገና ነው። እኔ በቀጥታ ልቆርጠው ነበር ያሰብኩት፣ ወንድሜ ግን «አንዴ እንሞክረው» አለኝ። እሺ ብዬ ዘይቱን ረጭቼበት ገባሁ፣ ነገ ቁልፉን ሲለቀው ከተመለሰበት ወደ መጋዙ እንሄዳለን።