የተርሚናል መሣሪያዬ ሰብኮማንዶች በመጨረሻ መልክ ያዙ

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ባክአፕ ለመያዝ ብዬ በፓይተን የሠራሁት የተርሚናል መሣሪያ (በጽሑፍ ትዕዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም)፣ ሄልፕ ሲባል አንድ ስክሪን የማይበቃው የሰብኮማንድ፣ ማለትም በውስጡ ያሉ ንዑስ ትዕዛዞች፣ ዝርዝር ይዘረግፍ ነበር። አሁን የሚያሳየው ጥቂት መስመር ነው፤ ከሚሠራው ሥራ ግን አንድም አልቀነሰም።

አጀማመሩን ቶሎ ልለፈው። አንድ ትዕዛዝ ነበር፣ ሌላ ተጨመረ፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም በአንድ እርከን ተደረደሩ። መሰረዝ አንድ ቦታ ዴሊት፣ ሌላ ቦታ ሪሙቭ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አርኤም ይባል ነበር። መጀመሪያ የነካሁት ይህን ነው፤ አንድ ድርጊት አንድ ስም ብቻ ይኑረው አልኩ። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ተጠቃሚው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቀዋል።

ቀጥሎ በትዕዛዙ ውስጥ የዕቃው ስም ይቅደም ወይስ ግሥ የሚለው መጣ። ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው የኩበርኔተስ መሣሪያ ግሡን ያስቀድማል፤ ጌት (አምጣ) ብሎ ፖድስ የሚለውን የዕቃ ስም ያስከትላል። ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደው ዶከር ደግሞ ስሙን አስቀድሞ ኮንቴይነር ብሎ ኤልኤስ (ዘርዝር) ይላል። ግሥ ማስቀደም የሚያዋጣው በሁሉም ዕቃ ላይ የሚሠራው ድርጊት ተመሳሳይ ሲሆን ነው። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ባክአፕ ሪስቶር ይደረጋል (ወደ ቦታው ይመለሳል)፣ ፕሮፋይል ግን አይደረግም። ስለዚህ ስም አስቀደምኩ። ከሁለት እርከን በላይም አልወረድኩም። ሦስተኛ እርከን ያስፈልጋል ያልኩበት ቦታ ሁሉ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው የጎደለው አንድ ፍላግ (ከትዕዛዝ ጋር የሚጨመር አማራጭ) ነበር።

ጊዜዬን የበላው የአሮጌዎቹ ስሞች ጉዳይ ነው።

አዲስ አደረጃጀት ማውጣት ቀላል ነው። አሮጌው ስም ግን ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምር ፕሮግራም) በሚሮጥ ስክሪፕት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲሰበር አጠገቡ ማንም የለም። ትልልቆቹ ፕሮጀክቶችም ይህን ያውቁታል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) መቀየርንም ፋይል መመለስንም ቼክአውት ለሚባል ትዕዛዝ ሰጥቶ ቆየና፣ በ2019 በወጣው ስሪት 2.23 ሥራውን ለስዊች እና ለሪስቶር አከፋፈለ። ቼክአውት ግን ዛሬም ይሠራል። ዶከርም በ2017 በ1.13 ትዕዛዞቹን በየስማቸው ሲሰበስብ ኮንቴይነሮችን የሚዘረዝረውን አሮጌ ትዕዛዝ ፒኤስን አልነካም። ጊት በ2008 በ1.6.0 በሰረዝ የተያያዙትን ትዕዛዞች ከፓዝ (ሲስተሙ ትዕዛዝ ከሚፈልግባቸው ፎልደሮች) ሲያወጣ ግን፣ በእነሱ የተጻፉ ስክሪፕቶች መስተካከል ነበረባቸው። እኔ የመጀመሪያውን መንገድ ነው የምደግፈው።

ስለዚህ የፈለግኩት ይህ ነው፤ አሮጌው ስም ይሥራ፣ በሄልፕ ላይ አይታይ፣ ሰው ሲጠቀምበት አዲሱን ስም ይንገረው፣ መልእክቱም ከውጤቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ፓይፕ (ውጤቱን ለሌላ ፕሮግራም ወደሚያስተላልፈው መስመር) አይግባ።

የገባውን ትዕዛዝ የሚተነትነው የፓይተን አርግፓርስ እዚህ ላይ እጅና እግር ያስራል። አሊያስ (ተለዋጭ ስም) ይፈቅዳል፤ ግን አሊያሱን ሄልፕ ላይ በቅንፍ ያሳየዋል። ሄልፑን በሳፕረስ ልደብቀው ስትሉ ሳፕረስ የሚለው ቃል ራሱ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሄልፕ የሚለውን ጭራሽ ካልሰጣችሁት ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ሆኖም ዩሴጁ (የአጠቃቀም መስመሩ) ላይ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ይቀራል፣ እሱን ለማጥፋት ደግሞ ሜታቫር (በምትኩ የሚታይ ስም) መስጠት አለባችሁ። ፓይተን 3.13 ዴፕሪኬትድ (የተተወ) የሚባል ፓራሜትር አምጥቷል፤ ማስጠንቀቂያውን በስታንዳርድ ኤረር (ከውጤቱ በተለየ የመልእክት መውጫ) ያወጣል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አዲሱ ስም ማን እንደሆነ አይናገርም። ከሁሉም በላይ አሊያስ እርከን አይሻገርም። ሊስት ባክአፕስ የነበረው አንድ ቃል ባክአፕ ሊስት ወደሚል ሁለት ቃል ሲለወጥ አሊያስ ምንም አይፈይድም።

የፈታልኝ ነገሩን ከፓርሰሩ (ትዕዛዙን ከሚተነትነው ክፍል) ማውጣት ነው። አንድ ተራ ዲክሽነሪ አለ፤ በግራ አሮጌው ስም፣ በቀኝ አዲሶቹ ቃላት። ፓርሰሩ ከመጀመሩ በፊት የገባውን ትዕዛዝ አየዋለሁ፤ አሮጌ ከሆነ ተክቼ አስተላልፈዋለሁ። ፓርሰሩ አሮጌ ስም መኖሩን እንኳ አያውቅም። ሄልፑ ንጹሕ ነው፣ ኮዱም ንጹሕ ነው።

አንድ ወጥመድ አለው። ተጠቃሚው ከትዕዛዙ በፊት ፍላግ ካስቀደመ የመጀመሪያው ቃል ትዕዛዙ አይሆንም፤ ኮንፊግ ብሎ የፋይል ስም ካስከተለ ደግሞ የፋይሉ ስም ትዕዛዝ ይመስላል። ስለዚህ የጋራ ፍላጎችን ብቻ የሚያውቅ ትንሽ ፓርሰር አስቀደምኩ፣ በፓርስ ኖውን አርግስ የራሱን ለቅሞ የቀረውን ይመልሳል፣ ከቀረው ውስጥ የመጀመሪያው ትዕዛዙ ነው። የራሱን ሄልፕ ማጥፋትና አላው አብሪቭን (ስም የማሳጠር ፈቃዱን) ፎልስ ማድረግ አትርሱ፤ አለበለዚያ የሌላውን ፍላግ በከፊል ስሙ ሊነጥቅ ይችላል። በዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ጥቅም አገኘሁ፤ የጋራ ፍላጎቹ አሁን ከትዕዛዙ በፊትም በኋላም ይሠራሉ። የጋራ ፍላግን ስም ግን ለአንድ ሰብኮማንድ የራሱ ፍላግ አትስጡ፣ ትንሹ ፓርሰር ይበላዋል።

ማስጠንቀቂያውን ስታንዳርድ ኤረር ተርሚናል ሲሆን ብቻ ነው የማወጣው። ክሮን የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ በሜይል ይልካል፤ ሰውን በየሌሊቱ ማሰልቸት አልፈልግም። ይህን የሚቃወሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ የስክሪፕቱ ባለቤት መቼ ሊሰማ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አይሰማም። ለዚህ ነው አሮጌዎቹን ስሞች የማጥፋት ሐሳብ የሌለኝ፤ በዲክሽነሪ ውስጥ አንድ መስመር ምንም አይከብድም። በሊኑክስ ፕሮግራም የሚጭነው አፕት በ2014 በ1.0 ሌላ መንገድ ነው የያዘው፤ አዲሱን ትዕዛዝ ለሰው ሰጥቶ አፕት ጌትን ለስክሪፕት ተወ፣ አፕትን ወደ ፓይፕ ስታስገቡትም ያስጠነቅቃችኋል። ሁለት መሣሪያ መንከባከብ ለምትችሉ ጥሩ ነው፣ ለእኔ ይበዛብኛል።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ፕሩን የሚባለው ትዕዛዜ ባክአፕም ይሰርዛል፣ የተበላሸ ኢንዴክስም ያጸዳል፤ እንደ ቼክአውት ሁለት ሥራ ይዟል። ለመክፈል እያሰብኩ ነው፤ ችግሩ ተጠቃሚዎች ሁለቱን ሁልጊዜ አብረው ነው የሚፈልጓቸው። እንዲህ ያለውን የከፈላችሁ ካላችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልኝ።