ከካርድ ክፍል ይጀመራል

ጅማ ላይ ለሆስፒታል የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ሳስገባ ዕቅዴን የምጀምረው ከሰርቨሩ ሳይሆን ከካርድ ክፍሉ ነው። ሐኪም ሲስተሙ ቢዘገይበት ወረቀት ላይ ጽፎ ያልፋል። ካርድ ክፍል ከዘገየ ግን ሰልፉ ከበር ይወጣል፣ ከሊሙና ከአጋሮ በሌሊት የተነሣው ሰው ይቆጣል፣ በሦስተኛው ቀን «ለጊዜው ወደ ወረቀቱ እንመለስ» ይባላል። ያ «ለጊዜው» ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ፎርሙ ከመሠራቱ በፊት ከጠዋቱ 1፡30 ጀምሮ ሰዓት ይዤ መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። ሃያ ታካሚዎችን ከካርድ እስከ ትሪያጅ (የሕመሙ ክብደት ተለይቶ ተራ የሚያዝበት ክፍል)፣ ገንዘብ ክፍል፣ ሐኪም፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ ድረስ ተከትዬ የገቡበትንና የወጡበትን ደቂቃ እመዘግባለሁ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ሁለት መስኮት ካለና አንድ ሰው 3 ደቂቃ ከወሰደ በሰዓት 40 ሰው ይስተናገዳል፤ 5 ደቂቃ ከሆነ 24 ብቻ። ከዚህ በኋላ «ይህችም ሣጥን ትጨመር» የሚል ኃላፊ ሲመጣ ሳልከራከር ቁጥሩን አሳያለሁ። መስኮቱ ላይ የሚሞላው ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክና የክፍያ ዓይነት ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ትሪያጅ ይሄዳል።

ትልቁ ራስ ምታት ስም ነው። ፍለጋው ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ማንበብ አለበት። ጅማ ላይ ይህም አይበቃም፣ ስሙ በቁቤም፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ ይጻፋልና። ጫልቱ በቁቤ በአንድ ፊደል ትጀምራለች፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በሁለት፤ አናባቢውም በአንዱ ይደገማል፣ በሌላው አይደገምም። ሙሐመድ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍማ የካርድ ክፍል ሰው ይንገራችሁ። መፍትሔው ከስሙ ጋር ስልክን፣ ቀበሌንና ዕድሜን (ሁለት ዓመት ከፍና ዝቅ አድርጎ) አብሮ መፈለግ ነው። ስልኩ የአስታማሚው ከሆነ ምልክት ይደረግበት፤ አለበለዚያ አንድ አጎት አምስት ታካሚ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ከወጣለት ማዋሐድ የሚችለው አንድ የተመደበ ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ባለሙያ) ብቻ ይሁን፣ የተዋሐደውም መልሶ መለየት የሚቻል ይሁን። የሁለት ሰው ካርድ በስሕተት ከተዋሐደ የአንዱ የመድኃኒት አለርጂ ከሌላው ላይ ይጻፋል፤ ድርብ ካርድ ከዚህ ይሻላል። የድሮውን መደርደሪያ ሙሉ ለማስገባት አትሞክሩ። ታካሚው ሲመጣ ብቻ፣ የካርድ ቁጥሩ ሳይቀየር ይግባ።

ቀኑን በጳጉሜ ፈትኑት። ሲስተሙ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መቀበል፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን መመለስ አለበት። ብዙ ታካሚ የሚያውቀው ዕድሜውን እንጂ የልደት ቀኑን ስላልሆነ «በግምት» የሚል ምልክት ያስፈልጋል፤ ከሌለ ሠራተኛው ሁሉንም መስከረም 1 ያደርጋቸዋል።

ከቀኑ ይልቅ ሰዓቱ ያስፈራኛል። ነርሷ ጠዋት የሰጠችውን መድኃኒት «2 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች፣ ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ላይ ይህ ልክ አንድ ዶዝ ስለሆነ ቻርቱ ሲታይ ምንም ስሕተት የለበትም! እኔ በእጅ ማስገባቱን ዘግቼ «አሁን» የሚል ቁልፍ አስደርጋለሁ፣ ወደኋላ የሚመዘገበውም «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» ሳይመረጥ አያልፍም።

መብራት በክረምት ይጠፋል፣ መብረቅም አለ። በሕንፃና በሕንፃ መካከል የመዳብ ኬብል አልዘረጋም፣ የመብረቁን ኃይል ተሸክሞ ስዊቹን (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን መሣሪያ) ያቃጥላልና፤ ፋይበር ይሁን። በሕንፃው ውስጥም ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ኬብሉ ከ100 ሜትር አይለፍ። በተደጋጋሚ የሚረሳው ግን ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አላቸው፣ ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ስዊች የለውም። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ስክሪኑ በርቶ ኔትወርኩ ይሞታል። ሲስተሙ 15 ደቂቃ ከቆመ ቁጥር ያለው የታተመ ቅጽ ይወጣል፤ የጻፈው ሰው ከተረኝነቱ ሳይወጣ መልሶ ያስገባል።

ስልጠና በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው አይብለጥ፣ ከሁለት ሰዓትም አይርዘም። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሰው አትጥሩ። ለሌሎች የሚያሠለጥነው ነርስ እንጂ ኢንተርን (በተግባር ልምምድ ላይ ያለ የሕክምና ተማሪ) አይሁን፤ ኢንተርኑ የሚለማመድበትን ክፍል ሲቀይር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። የይለፍ ቃል መዋዋስን ማስታወቂያ አያስቀርም። መንስኤው መግቢያው ቀርፋፋ መሆኑ ስለሆነ ከ10 ሰከንድ በታች አድርጉት። ሁሉም በአንድ ስም ከገባ የታካሚውን ውጤት ማን እንዳየ አይታወቅም፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚጀመርበት ቀን ሰኞ አይሁን፣ ሰው ይበዛል። የጤና ሪፖርት ወሩን ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጥር እኔ 21ኛውን እመርጣለሁ፤ በወሩ መሐል ከተጀመረ ሪፖርቱ ግማሹ ከወረቀት መዝገብ፣ ግማሹ ከሲስተም ይለቀማል። ጉዳቱ በዚያ ሳምንት ኤችአይቲዎቹ ያለፈውን ወር ሪፖርት ላይ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ መስኮቱ ላይ የሚቆም ሰው ከኩባንያው እልካለሁ። መዝገቡና ሲስተሙ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ መዝገቡን ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ የምትቆልፈው ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ናት። ቁልፉ በእኛ እጅ ከሆነ እኛ በወጣን ማግስት ሌላ መዝገብ ከስቶር ይወጣል።