ወገቤን ያሳረፈው ርብራብ

ሐይቁ ዳር ስንደርስ መሽቷል፤ ዝናብም ያካፋል። አሮጌዋን ተጎታች ቤታችንን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምንና ከፊት ያለውን ሶፋ ሳብነው። መቀመጫው ወደ ፊት ይንሸራተታል። መደገፊያው ከኋላው በተከፈተው ቦታ ላይ ይጋደማል። በቃ፣ አልጋ ሆነ! እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት ተጎታቾች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሶፋ አላቸው። ብልሃቱን እስካሁን እወደዋለሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ሁለታችንም ነቅተን ቁጭ ብለናል። መቀመጫውና መደገፊያው ተራርቀው መሃላቸው ተከፍቷል። በተገላበጥኩ ቁጥር ትከሻዬ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። መደገፊያው ቀጭን ስለሆነ የባለቤቴ ጎን ዝቅ ብሏል። ስፖንጁም ከእርጅና የተነሳ አልቋል፤ ዳሌዬ ከጣውላው ጋር ይላተማል።

«አንቺ፣ ችግሩ ስፖንጁ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ለሁለተኛው ጉዞ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሜሞሪ ፎም የሚባል የስፖንጅ ዓይነት ከላይ ደረብን። የሄድነው ደጋ ነበር። ሜሞሪ ፎም ለስላሳ የሚሆነው ሲሞቅ ነው፤ ሲበርደው ይደርቃል። ሙቀታችን እስኪያለሰልሰው ድረስ ጣውላ ላይ የተኛን ያህል ነበር። ጠዋት ፍራሹን ሳነሳ ደግሞ ስሩ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ውሃ የፈሰሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ከእኛው የወጣ ነው። የሰውነታችን እርጥበት በስፖንጁ አልፎ ይወርዳል፤ ከታች ቀዝቃዛ ኮምፔርሳቶ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። እንዲህ ከቆየ ይሻግታል።

ያን ጊዜ ነው ሥራው ከታች መጀመር እንዳለበት የገባኝ።

ከጉዞ እንደተመለስን ኮምፔርሳቶውን አነሳነው። በምትኩ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የእንጨት ርብራቦች አደረግን። ግማሾቹ ከኋላው ፍሬም ጋር፣ ግማሾቹ ከሚሳበው ጋር ተያይዘዋል። የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚቆላለፉት አንዱ በሌላው መሃል ይገባል። ሶፋው ሲሳብ በመሃላቸው ክፍተት ይተዋሉ፤ አየሩ በዚያ ያልፋል። የሚሳበው ፍሬም ጫፉ ላይ ሁለት እግር ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ያጎነብሳል። ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት ግን እባካችሁ ከስር ምን እንዳለ እዩ። ሶፋ ስር ባትሪ፣ የውሃ ታንከርና ሽቦ የተለመደ ነው። ክብደትም አታብዙ። ከተጎታች ክብደት በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶው ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ከፊት የሚጨመር ነገር ሁሉ ይህን ይለውጣል።

ስፖንጁን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ፦ ለስላሳ አትግዙ። ለስላሳ ስፖንጅ በርብራቡ ክፍተት ይሰምጣል። እኛ በሜትር ኩብ 35 ኪሎ የሚመዝነውን ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ መረጥን። መቀመጫውም መደገፊያውም 10፣ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኑ፤ የከፍታው ልዩነት ጠፋ። የቆረጥነው በኤሌክትሪክ የዳቦ ቢላ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስፖንጁ ከልብሱ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፋ እንዲል አደረግን፤ ልብሱ ተወጥሮ ሳይሸበሸብ ይቀመጣል። ሁለቱን ከስር በማሰሪያ አያያዝናቸው። ከላይ አንድ ወጥ ስስ ፍራሽ ዘረጋን፤ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ሶፋው ስር ይገባል።

በሦስተኛው ጉዞ እዚያው ደጋ ተመለስን። ሌሊቱ እንደዚያኛው ይበርዳል። ስነቃ በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች፤ ወገቤን አላመመኝም። መጀመሪያ ያደረኩት በጎኔ በኩል ያለውን ስፖንጅ ከፍ አድርጎ እጄን ከስሩ መስደድ ነው።

ደረቅ ነው። ባለቤቴን ልነግረው ዞር አልኩ፤ ገና አልነቃም።