«ማን አዘዘው?»

ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስድስት ገጽ ለማሳተም ሰፈራችን ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ፍላሹ ተሰካ፣ ፋይሉ ተከፈተ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ኮምፒውተሩን እንዳናጠፋ በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል። 12 በመቶ። ከኋላዬ አራት ሰው ተሰልፏል።

ነጠላ የለበሱ እናት «ምን ሆነ?» አሉ።

«ራሱን እያደሰ ነው፣ እማማ» አለ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ።

«ማን አዘዘው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

መብራት እንዳይጠፋ አምፖሉን እያየን 40 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዓይኔ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ላይ አረፈ፤ ከእኩለ ሌሊት 41 ደቂቃ አልፏል ይላል። ለካ ከተገዛ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው የሚሠራው! ሁላችንም ሰዓት የምናየው ስልካችን ላይ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ምስኪኑ ማሽን የሥራ ሰዓትን የሚለየው በራሱ ሰዓት ነውና፣ ባለቤቱ ተኝቷል ብሎ በእኩለ ሌሊት ሥራውን ጀመረ።

ማደሱ አያስፈልግም አልልም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያሽመደምድ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ቢሆንም እንግዳ እንኳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ይህኛው ሰተት ብሎ ገብቶ እኛን ወደ ውጭ አስወጣን።

ልጁ ሰዓቱን ሊያስተካክል የከተሞቹን ዝርዝር ከፈተ። አዲስ አበባ የለችም። ናይሮቢን መረጠ።