አክተሩ አይሞትም

ልጆች ሆነን ፊልም ስናይ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ሕግ ነበረች። አክተሩ አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበት፣ ሕንጻ ቢደረመስበት፣ ከገደል ቢወረወር ይነሳል፤ አክተር ነዋ። ይቺን ሕግ እንደ ጂ አይ ጆ አጥብቆ የያዘ ካርቱን ደግሞ አላውቅም። እዚያ ውስጥ እንኳን አክተሩ ክፉዎቹም አይሞቱም ነበር።

የ1980ዎቹን ጂ አይ ጆ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጂ አይ ጆ የሚባለው የጀግኖች ቡድን ኮብራ ከሚባለው የክፉዎች ድርጅት ጋር ይዋጋል፣ ውጊያው በሙሉ በሌዘር ነው። ቀይና ሰማያዊ ጨረር ግራ ቀኝ ይርመሰመሳል፣ ሰው ግን አይነካም። አውሮፕላን ተመትቶ ይጋያል፣ ወዲያው ከውስጡ ፓራሹት ብቅ ይላል፣ አብራሪውም በሰላም መሬት ይደርሳል። ታሪኩ ሃስብሮ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸውን አሻንጉሊቶች ለሚገዙ ልጆች የተሠራ ስለነበር ሞት የሚባል ነገር ደጃፉን አልረገጠም።

በ1987 በወጣው ረጅም ፊልም ላይ ግን አንድ ጊዜ ደርሰውበት ነበር። መሪው ዱክ ወንድሙን ለማዳን ራሱን መሀል ያስገባል፣ ሰርፐንተር የሚባለው የኮብራ ሰው የወረወረው እባብ የሚመስል ጦር ደረቱ ላይ ይሰካል፣ ይወድቃል፣ ጓደኞቹ ይከቡታል። ያየ ሰው ሁሉ ሞተ ነው የሚለው። ታሪኩም ሲጻፍ እንዲሞት ነበር። ነገር ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በትራንስፎርመርስ ፊልም የጀግኖቹ መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ሲሞት ልጆች ሲኒማ ቤት ውስጥ ስላለቀሱ፣ ወላጆችም ስለተቆጡ፣ ሠሪዎቹ ፈሩ። ስዕሉን ትተው ድምፁን ነኩት። ዱክ ኮማ ውስጥ ገብቷል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ነቅቷል ተባለ። ድምፁን ዘግታችሁ እዩት እስቲ። ሰውዬው ሞቷል።

እንግዲህ እኔ ይሄን ይዤ ነው በ2009 የወጣውን ጂ አይ ጆ ሪዞሉት ለማየት የተቀመጥኩት። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አምስት አምስት ደቂቃ እየሆነ ተቆራርጦ የቀረበ ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ረዘም ይላል። የጻፈው ዋረን ኤሊስ፣ ያዘጋጀው ዋኪም ዶስ ሳንቶስ ነው። የታየውም ለአዋቂዎች አኒሜሽን በሚያሳየው በአደልት ስዊም ነበር። ገና ሲጀምር ባዙካ ሞቷል።

ባዙካን የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ፂማም ነው፣ 14 ቁጥር የተጻፈበት ቀይ ማሊያ ይለብሳል፣ ትከሻው ላይ ሮኬት መተኮሻውን ይሸከማል። በድሮው ካርቱን ውስጥ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ ሳቅ የሚፈጥር ልጅ ነበር። ማንም ዋና አክተር ነው ብሎ አይቆጥረውም፣ ማንም ግን አይጠላውም። በየሰፈሩ፣ በየክፍሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንደዚህ ያለ ሰው አለ አይደል፣ ሲኖር ብዙም ልብ የማትሉት፣ ሲጠፋ ግን ቤቱ ጭር የሚልባችሁ። እሱ ነው በጀግኖቹ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አስከሬኑ የተገኘው። አልዋሻችሁም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ አላየሁትም፣ መልሼ ነው ያየሁት።

በጣም የገረመኝ ግን የክፉዎቹ አለቃ ኮብራ ኮማንደር ነው። የድሮውን አስታውሱት። ክሪስ ላታ በዚያ እንደ እባብ በሚያፏጭ ድምፁ የሚጫወተው ሰውዬ፣ በየክፍሉ አዲስ መሣሪያ ያመጣል፣ የአየር ጠባይ የሚቀይር ማሽን ሳይቀር፣ ከዚያ ዕቅዱ ይፈርሳል፣ ሠራዊቱን አፈግፍጉ ብሎ ይጮህና ይሮጣል። ልጅ ሆኜ እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር አድርጎብናል። ክፉው ቀልድ ሲሆን ጀግናውም አብሮት ቀልድ ይሆናል። ዱክ ያንን ሰውዬ ሃምሳ ጊዜ ቢያሸንፈው ምን ዋጋ አለው? ሁሌም ሊሸሽ የተዘጋጀን ሰው ማሸነፍ በር ከፍቶ እንደ መሸኘት ነው።

የ2009ኙ ኮማንደር ሞስኮን በጨረር መሣሪያ ያጠፋታል። ማስፈራሪያ መስሏችሁ ስትጠብቁ ያጠፋታል። ከዚያ ለዓለም መንግሥታት 24 ሰዓት ይሰጣል፤ ሥልጣናችሁን አስረክቡ፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ይከተላል። በዚያች ቅጽበት ዱክም፣ ስካርሌትም፣ ሁሉም ሰው መሰሉኝ። ማን የት ይሂድ የሚለው ውሳኔ ክብደት አገኘ። አንድ ሰው ቢሳሳት የሚመጣውን አይተነዋል። እኔ ጨለማ ያለ ታሪክ ሲባል የሚገባኝ ይሄ ነው። ደም ማየት አይደለም የፈለግሁት፣ ክፉው የሚናገረውን እንደሚያደርገው ማመን ነው።

ድምፁን የሰጠው ቻርሊ አድለር ነው። እና ይሄን ስትሰሙ እንደኔ ትገረሙ እንደሆነ አላውቅም፣ አድለር በ1980ዎቹ ካርቱን ውስጥም ነበረ፣ ያን ጊዜ ግን የጀግኖቹን አልሞ ተኳሽ ሎው ላይትን ነበር የሚጫወተው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላው ወገን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግሬይ ዴላይል ደግሞ በአንዱ ፊልም ውስጥ ስካርሌትንም ባሮነስንም ትጫወታለች። ጀግናዋም ክፉዋም ከአንድ ጉሮሮ ነው የሚወጡት። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ሁለቱ ሲናገሩ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ቃላቱን የምትነክስበት ቦታ ብቻ ነው የሚለየው። ስካርሌት ቶሎ ትናገራለች፣ ባሮነስ ታቆየዋለች።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ሞስኮ በዚያን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ከ10 ሚሊዮን በላይ! ፊልሙ ግን አጥፍቷት ያልፋል። የባዙካን ማሊያ ቁጥር ሳይቀር እናውቃለን፣ ከሞስኮ ግን አንድ ስም፣ አንድ ፊት፣ አንድ መስኮት ላይ የቆመ ሰው የለም። አንድ ሰዓት ብቻ ስለነበራቸው ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ጊዜ አልነበራቸውም። ግን ጊዜ የሌለው ሰው ከተማ አያጥፋ። ሃያ ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። አንድ የጂ አይ ጆ ወታደር እዚያ ዘመድ አለኝ ብሎ ዝም ቢል ይበቃኝ ነበር። ሞትን ወደ ታሪክ ካስገባችሁት ማልቀሻውንም አብራችሁ አስገቡ። ያለዚያ የድሮው ፓራሹት ይሻላል። እሱ ቢያንስ አብራሪው በሕይወት እንዲወርድ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ንዴቴ ስቶርም ሻዶው ላይ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስኔክ አይስና ስቶርም ሻዶው የጂ አይ ጆ ሁለቱ ኒንጃዎች ናቸው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ይለብሳል። ስኔክ አይስ አይናገርም። በ1982 አሻንጉሊቱ ሲወጣ ከአናቱ እስከ እግሩ ጥቁር የሆነው የቀለም ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ነበር፣ ሌሎቹ ልብስና ፊት ሲሳልላቸው እሱ ባዶውን ቀረ። ያ ባዶ ፊት ነው ኋላ ሰው ሁሉ የወደደው። ታሪክ የሰጠው ደግሞ ላሪ ሃማ ነው፣ ከ1982 ጀምሮ የማርቭልን የጂ አይ ጆ ኮሚክ 155 እትም እስኪደርስ ይጽፍ የነበረው። ሃማ ራሱ በቬትናም ጦርነት ዘመን ወታደር የነበረ ሰው ነው። ለዚህም ይመስለኛል ኮሚኩ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ ቬትናም ውስጥ አብረው የተዋጉ ወታደሮች ናቸው። ስኔክ አይስ ከዚያ ተመልሶ ቤተሰቡን ሲያጣ ጓደኛው ወደ ራሱ ቤተሰብ ይወስደዋል። የኒንጃ ቤተሰብ ነው። አብረው ይማራሉ፣ አንድ ቤት ይበላሉ።

ከዚያ መምህራቸው፣ የስቶርም ሻዶው አጎት፣ በቀስት ይገደላል። ቀስቱ የስቶርም ሻዶው ነው። ስለዚህ ሁሉም እሱ ገደለ ይላል፣ ስኔክ አይስም ያንን ይዞ ይኖራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ገዳዩ ዛርታን የሚባል ቅጥረኛ ነው፣ ሊገድል የመጣውም ስኔክ አይስን ነበር፣ በስህተት ግን መምህሩን መታ። ስቶርም ሻዶው ኮብራ ውስጥ የገባው ገዳዩን ፈልጎ ለማግኘት ነው። ከክፉዎቹ ጋር የሚኖረው፣ ትእዛዛቸውን የሚፈጽመው፣ ወንድሙን የሚያህል ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ እያየው ዝም የሚለው ለዚያ ነው።

እስቲ ይሄን አስቡት። ክፉው ንጹሕ ነው። ግን ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ በየቀኑ ክፉ ሥራ ይሠራል። ከዚህ የበለጠ ጨለማ ምን አለ? ደግሞ ይሄ የወጣው ልጆች የሚገዙት ርካሽ ኮሚክ ላይ ነው፣ አንድም አዋቂ ይመለከተኛል ሳይል።

ሪዞሉት ላይ ምን አደረጉት? ጥፋተኛ አደረጉት። መምህሩ የውጊያ ምሥጢሩን ለስኔክ አይስ ሲያስተምር ለእሱ ከለከለው፣ እሱም ቂም ይዞ ራሱ ዛርታንን አስመጥቶ አስገደለው። አለቀ። በቃ ቀናተኛ ነው፣ ክፉ ነው፣ ስኔክ አይስም ሊፋለመው ይሄዳል። ፍልሚያው ያምራል፣ አልክድም። እንቅስቃሴው፣ ዝምታው፣ እዚያ ላይ የለፉት ሰዎች ሥራ ልብ ይነካል። እኔ ግን እያየሁ ሳለ አንድ ነገር ጎደለኝ። ስኔክ አይስ የሚጠላውን ሰው ሊገጥም ነው የሚሄደው፣ እና ልክ ነው። በኮሚኩ ውስጥ የሚጠላውን ሰው ሊገጥም ሲሄድ ግን ልክ አልነበረም፣ እኛም እናውቅ ነበር፣ እሱ ግን አያውቅም። አንጀት የሚበላው እሱ ነው።

ለአዋቂ የሚሠራ አኒሜሽን ላይ ይሄን ብዙ ጊዜ አያለሁ። ጨለማ እናድርገው ሲሉ ክፉውን የበለጠ ክፉ ያደርጉታል። ኮማንደሩ ላይ ሠርቷል፣ ምክንያቱም እሱ ድሮ ቀልድ ስለነበር ክብደት ያስፈልገው ነበር። ስቶርም ሻዶው ግን ክብደቱን ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ ሲጨምሩበት ቀለለ። ኮማንደሩ ራሱ በሃማ ኮሚክ ውስጥ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ያገለገለ መኪና ሻጭ ነበር። ኑሮ የከፋበት፣ መንግሥትን የጠላ፣ ቤቱን የበተነ፣ ሌሎች የከፋቸውን ሰዎች እየሰበሰበ ሠራዊት ያደረጋቸው ሰው። ከሞስኮው ጨረር ይልቅ እሱ ያስፈራኛል፣ እንዲያ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሰላም ብላችሁት ልታልፉ ትችላላችሁና።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሪዞሉትን እዩት ነው የምለው። አንድ ሰዓት ነው። የባዙካን ትእይንት እዩት። ከዚያ ግን የሃማን ኮሚክ፣ የመጋቢት 1984ን 21ኛ እትም ፈልጉና አንብቡ፣ ማንበብ ከተባለ፣ ምክንያቱም ውስጡ አንድም ቃል የለም። ሃማ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለ ንግግር ነው የሠራው። ስካርሌት ተይዛ የኮብራ ግንብ ውስጥ ታስራለች፣ ያመጣት ስቶርም ሻዶው ነው፣ ስኔክ አይስ ሊያስለቅቃት በፓራሹት ይወርዳል። ሮጠው፣ ተዋግተው፣ አምልጠው ሲያበቁ የስኔክ አይስ እጅጌ ተቀዷል። ክንዱ ላይ ንቅሳት አለ። ጥቂት ገጽ ቀደም ብሎ ያንኑ ንቅሳት፣ ያችኑ ቦታ ላይ፣ በስቶርም ሻዶው ክንድ አይተነዋል።